ቀላድና ማዕዘን፤ ስለ መስመርና ስለ ማዕዘን ዕውቀት ታሪክ የተደረገ አጭር ጥናት

በቋንቋችን ስለ ፍርድና ስለ ሰው ጠባይ ከምንናገርባቸው ቃላት ብዙዎቹ ከመስመር የተወሰዱ ናቸው። እውነተኛውን ሰው ቀጥተኛ ወይም ቅን እንለዋለን፤ ሐሰተኛውን ጠማማ እንለዋለን። ዳኛ ፍርድ ሲያጓድል ፍርድ አጣመመ ይባላል፤ የተበላሸ ነገር ሲስተካከል ደግሞ ነገሩ ቀና ይባላል። በግዕዝም ረትዐ ማለት ቀና፥ ቀጥ አለ ማለት ሲሆን፥ ርትዕ የሚለው ስም ከዚያው ሥር ወጥቶ ከፍትሕ ጋራ ተጣምሮ ሲነገር ይኖራል። እንግዲህ ለአባቶቻችን ቀጥ ያለ መስመር የዓይን ነገር ብቻ አልነበረም፤ የኅሊናም ነገር ነበረ።

ስለ ማዕዘን ግን የንግግራችን ልማድ ከዚህ የተለየ ነው። ማዕዘን ስንል አስቀድሞ የሚታሰበን ቦታ ነው፤ ሁለት ግድግዳዎች የሚገናኙበት፥ የማዕዘን ድንጋይ የሚቀመጥበት ስፍራ ነው። ዓለምን በሙሉ ለማለት ስንፈልግም አራቱን ማዕዘን እንጠራለን። ነገር ግን ማዕዘን እንደ ርዝመትና እንደ ክብደት የሚበዛና የሚያንስ፥ የሚለካና የሚቈጠር መጠን ነው የሚለው አሳብ በዕለት ንግግራችን ውስጥ ሥር ሰድዶ አይገኝም። በኋላ ዘመን የተዘጋጁ የትምህርት መጻሕፍት ለዚህ መጠን «ዘዌ» የሚል ቃል መጠቀማቸው የቀድሞው ቃል ቦታን እንጂ መጠንን የማያመለክት መሆኑ ስለ ተሰማቸው ይመስለኛል።

በዚህ ጽሑፍ ለማመልከት የምፈልገው፥ ይህ የቃላት ልዩነት ከሥራ ልማድ ጋራ የተያያዘ መሆኑን ነው። ሰው መስመርን ቀድሞ ለካ፤ ማዕዘንን ዘግይቶ ለካ። ማዕዘንን የሚያውቁ ሰዎች በተነሡ ጊዜም ዕውቀታቸው ብዙ ጊዜ እጅግ ከሚያስፈልግበት ቦታ፥ ይኸውም ከገበሬው ማሳ፥ ሳይደርስ ቀርቷል። ነገሩ የትምህርት ቤት ጨዋታ አይደለም። በሚስትና በርስት ቀልድ የለም እንደሚባለው፥ የመሬት ልኬት የቤተ ሰብ እንጀራ ነውና፥ ያልተለካ ማዕዘን የማንን ድርሻ እንደሚያጐድል መመርመር ይገባል።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ማዕዘን የምለው ሁለት መስመሮች በአንድ ነጥብ ሲገናኙ በመካከላቸው የሚከፈተውን መጠን ነው። አንዱ መስመር በሌላው ላይ ወደ ቀኝም ወደ ግራም ሳያዘነብል ሲቆም የሚሠራውን ማዕዘን ደግሞ ርቱዕ ማዕዘን እለዋለሁ።

፩፤ ስለ ጸሓፊው፥ ስለ ግንበኛውና ስለ ቤት ሠሪው

ከሁሉ አስቀድሞ በአገራችን የእጅ ሥራ ውስጥ መስመርና ርቱዕ ማዕዘን እንዴት ይገኙ እንደ ነበረ እንመልከት።

የብራና ጸሓፊ ቆዳው ተወጥሮ፥ ተፍቆና ደርቆ ከተዘጋጀለት በኋላ ወዲያው መጻፍ አይጀምርም። በገጹ ግራና ቀኝ ጠርዝ ላይ በወስፌ እኩል በእኩል እያራራቀ ቀዳዳዎችን ይወጋል። ከዚያም ከግራው ቀዳዳ ወደ ቀኙ ቀዳዳ ቀጥ ያለ ማስመሪያ አጋድሞ፥ ቀለም በሌለው ደነዝ ጫፍ እየተጫነ ያሰምራል። መስመሩ በአንዱ ገጽ ላይ እንደ ፈር ሰርጕዶ፥ በሌላው ገጽ ላይ ደግሞ እንደ ድንበር ጕብ ብሎ ይታያል። የዓምዶቹም ወሰን ከላይ ወደ ታች በዚሁ ዓይነት ይሰመራል። በብዙ የብራና መጻሕፍት ላይ እነዚያ የወስፌ ቀዳዳዎች እስከ ዛሬ በግልጽ ይታያሉ።

በዚህ ሥራ ውስጥ ጸሓፊው አንድም ማዕዘን አይለካም። የሚጠብቀው እኩልነትን ነው። በግራ ያለው ርቀት በቀኝ ካለው ርቀት ጋራ እኩል ከሆነ፥ መስመሮቹ ሳይቀራረቡና ሳይራራቁ፥ ምን ያህል ቢረዝሙም ሳይገናኙ፥ ትይዩ ሆነው ይኖራሉ። ይህ ጂኦሜትሪ በቃል ያልተጻፈ ቢሆንም በእጅ የተጻፈ ጂኦሜትሪ ነው።

ግንበኛው ደግሞ ሁለት ታማኝ ረዳቶች አሉት፤ ቱንቢና ውሃ ልክ። ክብደት የታሰረበት ክር ሲንጠለጠል ራሱ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል፤ የረጋ ውሃም ራሱ ተስተካክሎ ይተኛል። ቱንቢው የሚያሳየው መስመርና የውሃው ፊት በተገናኙ ጊዜ ርቱዕ ማዕዘን ይሠራሉ። እንግዲህ ለሚቆም ግድግዳ ተፈጥሮ ራሷ ርቱዕ ማዕዘንን ሰጥታዋለች፤ ግንበኛው የሚፈለግበት የተሰጠውን መቀበል ብቻ ነው።

ነገር ግን መሠረቱን በመሬት ላይ ለመቀየስ በተነሣ ጊዜ ይህ ስጦታ ይቀርበታል። በሜዳ ላይ አንድ ክር ከዘረጋ በኋላ ሁለተኛውን ክር በምን ያህል ማዘንበል መዘርጋት እንዳለበት ቱንቢም ውሃ ልክም አይነግሩትም። ስለዚህ ርቱዕ ማዕዘንን ራሱ መሥራት ግድ ይሆንበታል። የዛሬ ግንበኞች ይህን ለማድረግ በስኳድራ ይጠቀማሉ፤ ወይም በአንዱ ክር ላይ 3፥ በሌላው ላይ 4 ለክተው፥ በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ርቀት 5 እስኪሆን ድረስ ክሩን ያንቀሳቅሳሉ። ሥራው ካለቀ በኋላም ከማዕዘን ወደ ማዕዘን የሚሻገሩትን ሁለቱን ሰያፍ መስመሮች ለክተው እኩል መሆናቸውን ያረጋግጣሉ።

የገጠሩ ክብ ጎጆ ይህን ችግር በጥበብ አልፎታል። በመካከል ችካል ተተክሎ፥ ገመድ ታስሮበት፥ የገመዱ ጫፍ ሲዞር የቤቱ መሠረት ይገኛል። በክብ ቤት ማዕዘን የለም፤ ማዕዘን ከሌለም የማዕዘን ስሕተት የለም። በክብ ቅርጽ በተሠሩት አብያተ ክርስቲያናት ግን በቅኔ ማኅሌቱና በቅድስቱ ክበብ መካከል የሚገኘው መቅደስ አራት ማዕዘን ነው። ይህን የቀየሱት ሰዎች ክቡንም ማዕዘኑንም በእጃቸው ያውቁ እንደ ነበረ ሕንጻው ራሱ ይመሰክራል።

ከዚህ የምንረዳው ነገር አንድ ነው፤ ርቱዕ ማዕዘን ለገጽ በእኩል ርቀት፥ ለግድግዳ በቱንቢ ይገኛል፤ በሰፊ ሜዳ ላይ ግን ካልተፈለገ አይገኝም።

፪፤ ስለ ግብፅ ገመድ

የሜዳ ልኬት ታሪክ ከጥንት ጀምሮ የሚነገረው ስለ ግብፅ ነው። ግሪካዊው ሄሮዶቱስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት ሲጽፍ፥ አንድ ንጉሥ ምድሪቱን ለሰዎች በእኩል አራት ማዕዘን ከፋፍሎ እንደ ሰጠና በየዓመቱ ግብር እንደ ጣለባቸው ይተርካል። ወንዙ ከአንዱ ሰው ድርሻ የወሰደ እንደ ሆነ ሰውዬው ለንጉሡ ያመለክታል፤ ንጉሡም የጐደለውን የሚለኩ ሰዎች ልኮ ግብሩን ይቀንስለታል። ሄሮዶቱስ ጂኦሜትሪ ወደ ግሪክ የተሻገረው ከዚህ የተነሣ እንደሚመስለው ይናገራል። ጂኦሜትሪ የሚለውም የግሪክ ቃል የመሬት ልኬት ማለት ነው። የዚያ ጐርፍ ውሃ አብዛኛው፥ ደለሉም ከሞላ ጐደል በሙሉ፥ ከእኛ ደጋ በዓባይና በተከዜ የወረደ ነበርና፥ ልኬቱን ያስነሣው አፈርና ውሃ በከፊል የእኛው አፈርና ውሃ ነው ማለት ይቻላል።

የግብፅ ለኪዎች መሣሪያ 100 ክንድ የሚያህል ገመድ ነበረ። የእነርሱ የንጉሥ ክንድ ከ52 ሴንቲሜትር ጥቂት ይበልጣል። በቴብስ በሚገኘው በመና መቃብር ግድግዳ ላይ ቋጠሮ ያለበትን ገመድ በእህል ማሳ ዳር የሚዘረጉ ሰዎች ተሥለው ይታያሉ። ብዙ መጻሕፍት ግብፃውያን በ3፥ በ4 እና በ5 ቋጠሮ ገመድ ርቱዕ ማዕዘን ይሠሩ ነበር ብለው ይጽፋሉ። ይሁን እንጂ ይህ በ19ኛው መቶ ዓመት የነበረ የአንድ የጀርመን የሒሳብ ታሪክ ሊቅ ግምት እንጂ በጥንት ጽሑፍ የተረጋገጠ ነገር አይደለም። ተማሪ ይህን ለይቶ ማወቅ ይገባዋል።

የተረጋገጠው ግን ከዚህ የበለጠ ያስደንቃል። የኩፉ ፒራሚድ እያንዳንዱ ጐን 230 ሜትር ያህል ሲሆን፥ በአራቱ ጐኖች መካከል ያለው ልዩነት ከሩብ ሜትር አይበልጥም፤ ወደ ሰሜን የተመለከተበት አቅጣጫም ከእውነተኛው ሰሜን የሚለየው ከአንድ ዲግሪ በአንድ አሥራ አምስተኛ ገደማ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ርቱዕ ማዕዘንን በሜዳ ላይ መሥራት ለማይችል ሰው የሚሆን አይደለም።

ደግሞም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ አሕሞስ የተባለ ጸሓፊ በገለበጠው፥ ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም በሚገኘው የራይንድ ፓፒረስ ላይ፥ የፒራሚድ ተዳፋት እንዴት እንደሚሰላ ተጽፏል። የመሠረቱ ጐን 360 ክንድ፥ ቁመቱ 250 ክንድ የሆነ ፒራሚድ ተሰጥቶ፥ ጸሓፊው የመሠረቱን እኩሌታ 180ን ለ250 አካፍሎ በ7 ጋት ያበዛል፤ አንዱ ክንድ 7 ጋት ነውና። መልሱም 5 ጋትና የጋት አንድ ሃያ አምስተኛ ይሆናል። ትርጕሙም ግድግዳው አንድ ክንድ ወደ ላይ ሲወጣ ይህን ያህል ወደ ውስጥ ይገባል ማለት ነው። እኛ ይህን ተዳፋት 54 ዲግሪ ያህል ነው እንላለን። ግብፃዊው ግን ዲግሪ አያስፈልገውም፤ ማዕዘኑን በሁለት መስመሮች ንጽጽር ይገልጸዋል። ማዕዘንን በመስመር አስገብቶ መለካት ማለት ይህ ነው።

እንግዲህ ዕውቀቱ ካለ፥ በማሳው ላይ ምን ሆነ? በኤድፉ በሚገኘው የሆሩስ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ፥ ለቤተ መቅደሱ የተሰጡ መሬቶች ዝርዝር ተቀርጾ ይገኛል። ይህም ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጨረሻዎቹ መቶ ዓመታት የተጻፈ ነው። በዚያ ዝርዝር የአራት ጐን መሬት ስፋት የሚገኘው እንዲህ ነው፤ ፊት ለፊት ያሉት ሁለት ጐኖች ተደምረው ይከፈላሉ፤ ሌሎቹም ሁለት ጐኖች እንዲሁ ተደምረው ይከፈላሉ፤ ከዚያ ሁለቱ ውጤቶች ይባዛሉ። በዚህ ስሌት ውስጥ ማዕዘን የሚባል ነገር ከቶ አይገባም። መሬቱ ርቱዕ አራት ማዕዘን ከሆነ ውጤቱ ትክክል ነው፤ ካልሆነ ግን ስሕተት ነው።

ስለዚህ በአንድ አገር፥ በአንድ ሕዝብ ዘንድ፥ ለንጉሥ መቃብር የተጠበቀው ማዕዘን በመሬት መዝገብ ውስጥ ሲረሳ እናያለን። ዕውቀቱ አልጠፋም ነበር፤ የሚኖርበት ቤት ሌላ ነበር እንጂ።

፫፤ ስለ ግሪኮች አሳብ

ግሪኮች ከገመድ ወደ አሳብ በተሻገሩ ጊዜ ማዕዘን የራሱን ክብር አገኘ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ገደማ በእስክንድርያ ያስተምር የነበረው ዩክሊድ፥ በ13 ክፍል በጻፈው የጂኦሜትሪ መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ነጥብን፥ መስመርንና ማዕዘንን በየተራ ይተረጕማል። ማዕዘንን የሚተረጕመው በሁለት መስመሮች መገናኛ ላይ ባለው ማዘንበል ነው፤ ቦታ መሆኑ ቀርቶ መጠን ሆነ ማለት ነው። ርቱዕ ማዕዘንንም በቍጥር አይተረጕመውም። አንድ መስመር በሌላ መስመር ላይ ቆሞ በግራና በቀኙ ያሉት ሁለት ማዕዘኖች እኩል የሆኑ እንደ ሆነ፥ እያንዳንዱ ርቱዕ ይባላል ይላል። ስለዚህ ርቱዕ ማዕዘን በሁለት ጐረቤቶች መካከል የተደረገ ትክክለኛ ፍርድ ነው ብንል አንሳሳትም። በአማርኛ ትክክል የሚለው ቃል እኩልም እውነትም ማለት መሆኑ ከዚህ አሳብ ጋራ ይስማማል። ግሪኮችም ይህን ማዕዘን የሚጠሩበት ቃል ኦርቶዶክስ በሚለው ስም ውስጥ ያለው ቃል ነው፤ እኛም ያንኑ ሃይማኖት በግዕዝ ርትዕት ብለን ተርጕመነዋል። በዚህ ጽሑፍ ርቱዕ የሚለውን ስም የመረጥሁት ስለዚህ ነው።

ከዩክሊድ ትምህርቶች መካከል ለመሬት ልኬት እጅግ የሚጠቅመው በአንደኛው ክፍል 35ኛ ሆኖ የተጻፈው ነው። በአንድ መሠረት ላይ የቆሙና በሁለት ትይዩ መስመሮች መካከል የተወሰኑ፥ ፊት ለፊት ያሉት ጐኖቻቸው ትይዩ የሆኑ ቅርጾች ሁሉ፥ ጐናቸው የቱንም ያህል ቢያዘነብልና ቢረዝም፥ ስፋታቸው እኩል ነው ይላል። ይህም ማለት የመሬት ስፋት የሚታወቀው በዘንባላው ጐን ርዝመት አይደለም፤ ከመሠረቱ ላይ በርቱዕ ማዕዘን በሚነሣው ቁመት ነው። ዙሪያው ረዥም የሆነ መሬት ሁሉ ሰፊ አይደለም። በ5ኛው መቶ ዓመተ ምሕረት የነበረው የዩክሊድ ተርጓሚ ፕሮክሎስ፥ ዙሪያው የሚረዝመውን ስፋቱ ግን የሚያንሰውን መሬት ለባልንጀሮቻቸው ሰጥተው፥ ለጋስ እየተባሉ የሚያታልሉ ሰዎች በዘመኑ እንደ ነበሩ ጽፏል። ይህ ምስክርነት የጂኦሜትሪ ድንቍርና ለብልጣ ብልጥ ሰው እንዴት ያለ መሣሪያ እንደሚሆን ያሳያል።

ማዕዘንን በ360 ክፍል ቈጥሮ ዲግሪ ማለት ከባቢሎናውያን የሰማይ ምርምር ወደ ግሪኮች የመጣ ነው። የዚህን መጠን ኃይል ያሳየው የእስክንድርያው ኤራቶስቴኔስ ነው። በበጋ ፀሐይ ከፍ በምትልበት ቀን እኩለ ቀን ላይ ዛሬ አስዋን በምትባለው በሴየኔ ጥላ አይኖርም ነበር፤ በዚያው ሰዓት በእስክንድርያ የነበረው ጥላ ግን የክበብን አንድ ሃምሳኛ፥ ይኸውም 7 ዲግሪ ከአንድ አምስተኛ፥ ያሳይ ነበር። የፀሐይ ጨረሮች ትይዩ እንደ ሆኑ ተቀብሎ፥ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን 5,000 ስታዲዮን በ50 ቢያበዛው የምድር ዙሪያ 250,000 ስታዲዮን ሆኖ አገኘው። እግር ያልረገጠውን፥ ገመድ ያልደረሰበትን ርቀት ማዕዘን ለካው።

፬፤ ስለ ዳባዲ ማዕዘኖች

በኢትዮጵያ ምድር ላይ በመሣሪያ የተለኩ የማዕዘኖች ሰፊ ሥራ የምናገኘው በ19ኛው መቶ ዓመት ነው። ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ እ.ኤ.አ. ከ1838 እስከ 1848 ድረስ በአገራችን እየተዘዋወረ፥ ከተራራ ራስ ወደ ተራራ ራስ በቴዎዶሊት እያነጣጠረ፥ የሰማይንም ከዋክብት እየተመለከተ ማዕዘኖችን ይመዘግብ ነበር። ሥራውም ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ እ.ኤ.አ. ከ1860 እስከ 1873 ባለው ጊዜ «የኢትዮጵያ ጂኦዴዚ» በሚል ስም በፈረንሳይኛ ታትሞ ወጣ። ገደሉንና ሸለቆውን በገመድ መሻገር በማይቻልበት ደጋ፥ በማዕዘን መሥራት ትክክለኛው መንገድ ነበረ።

ይሁን እንጂ የዚህ ሥራ ጥቅም ለካርታና ለዓለም ሊቃውንት ሆነ። የተለካው በተራሮች መካከል ያለው ርቀት ነበረ እንጂ በገበሬዎች መካከል ያለው ድንበር አልነበረም።

፭፤ ስለ ቀላድ

ከዚህ በኋላ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ቀላድ በመካከለኛውና በደቡቡ አገር በሰፊው ተጣለ። ቀላድ ማለት የመሬት መለኪያ ገመድ ነው፤ ኋላም በዚያ ገመድ የተለካው መሬት ራሱ ቀላድ ተባለ። የገመዱ ርዝመት 66 ሜትር ያህል ተብሎ ይገመታል። መሬቱ በርዝመቱ ይህን ያህል ቀላድ፥ በወርዱ ይህን ያህል ቀላድ እየተባለ ሲቈጠር ጋሻ ይሆናል። ጋሻ በኋላ ዘመን ብዙውን ጊዜ 40 ሄክታር ያህል ተደርጎ ይታሰብ ነበር። መሬቱ ለም፥ ለም ጠፍና ጠፍ ተብሎ ይለያል፤ ይህም አፈሩን የመመዘን ጥበብ ነውና ለኪዎቹን እንደ ተራ ድንቍርና ሰዎች መቍጠር አይገባም። ስለ መሬት ሥርዓቱ ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ«ዝክረ ነገር» ውስጥ ብዙ መዛግብት አቆይተውልናል።

በ1934 ዓ.ም. በወጣው የመሬት ግብር አዋጅ ለአንድ ጋሻ ለም መሬት 15 ብር፥ ለለም ጠፍ 10 ብር፥ ለጠፍ 5 ብር ተወሰነ። ግብሩ በጋሻ ስለ ተቈጠረ፥ ጋሻው በመዝገብ ከእውነተኛው ስፋት በልጦ ከተጻፈ ባለ መሬቱ ለሌለው መሬት ይከፍላል ማለት ነው።

አሁን ማዕዘኑ ካልተጠበቀ ምን እንደሚሆን እንመልከት። በክፍል ውስጥ ይህን ለተማሪዎቼ የማሳያቸው እኩል ርዝመት ያላቸውን አራት ዘንጎች ጫፍ ለጫፍ በሚስማር አያይዤ ነው። ቅርጹ ሲገፋ ያዘነብላል፤ ዘንጎቹ ግን አይረዝሙም፥ አያጥሩም። እያንዳንዱ ዘንግ 100 ሜትር ነው ብንል፥ ማዕዘኑ ርቱዕ ሲሆን ስፋቱ 10,000 ካሬ ሜትር፥ ይኸውም አንድ ሄክታር ነው። ማዕዘኑ 60 ዲግሪ ሲሆን ስፋቱ 8,660 ካሬ ሜትር ይሆናል። 30 ዲግሪ ሲሆን 5,000 ካሬ ሜትር፥ ማለት እኩሌታው ብቻ ይቀራል። ገመድ ይዞ ዙሪያውን የሚዞር ሰው ግን በሦስቱም ጊዜ 100፥ 100፥ 100፥ 100 ብሎ ይጽፋል። እንዲሁም በጐኖቹ ብዜት 40 ሄክታር የተባለ መሬት፥ ማዕዘኑ 60 ዲግሪ ከሆነ፥ በእውነቱ 34 ሄክታር ተኩል ያህል ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ይህ ስሕተት ወገን ያለው መሆኑ ነው። የገመድ መላላትና መወጠር፥ የቍጥር መዘንጋት አንድ ጊዜ ለአንዱ፥ አንድ ጊዜ ለሌላው ያደላል። ጐኖችን አማካይቶ በማብዛት የሚመጣው ስሕተት ግን ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው፤ መዝገቡ ከመሬቱ ይበልጣል እንጂ አያንስም። ማስረጃውም ቀላል ነው። የመሬቱን አራት ጐኖች በቅደም ተከተል ሀ፥ ለ፥ ሐ፥ መ እንበላቸው። ሁለት ጐኖቹ የታወቁ ሦስት ማዕዘን ስፋቱ ከሁለቱ ጐኖች ብዜት እኩሌታ አይበልጥም፤ ከዚያ የሚደርሰውም በመካከላቸው ያለው ማዕዘን ርቱዕ ሲሆን ብቻ ነው። መሬቱን በአንዱ ሰያፍ መስመር ብንከፍለው፥ ስፋቱ ሀ በለ እና ሐ በመ ተባዝተው ከተደመሩት እኩሌታ አይበልጥም። በሌላው ሰያፍ ብንከፍለው ደግሞ ለ በሐ እና መ በሀ ተባዝተው ከተደመሩት እኩሌታ አይበልጥም። ስለዚህ ከሁለቱ ወሰኖች አማካይም አይበልጥም፤ ያ አማካይ ደግሞ የኤድፉው ስሌት የሚሰጠው ቍጥር ራሱ ነው። እኩል የሚሆነው አራቱም ማዕዘን ርቱዕ ሲሆን ብቻ ነው።

በደጋ አገር ሁለተኛ ማዕዘን ይጨመራል፤ እርሱም የተዳፋት ማዕዘን ነው። በካርታ የሚቈጠረው የመሬት ስፋት በውሃ ልክ እንደ ተኛ ተደርጎ ነው። ገመድ ግን በዳገት ላይ ሲዘረጋ ዳገቱን ይከተላል። ተዳፋቱ 20 ዲግሪ በሆነበት ስፍራ በገመድ 100 ሜትር የተባለው በካርታ 94 ሜትር ብቻ ነው፤ 30 ዲግሪ በሆነበት ደግሞ 86 ሜትር ተኩል ያህል ነው። ይህም ስሕተት እንደ ፊተኛው መዝገቡን ያበዛል።

እንግዲህ የበዛው ቍጥር ማንን ይጐዳል? ግብር ከፋዩ ለሌለው መሬት ይከፍላል። ድርሻ ተለክቶ የሚሰጠው ሰው ከተባለው ያነሰ ይቀበላል። ገዢው ከገዛው ያነሰ ያገኛል። ደግሞም መሬቱ ሲለካ ከታወቀው በላይ ሆኖ የተገኘው ትርፍ ተብሎ ለመንግሥት ይቈጠር ስለ ነበረ፥ ቍጥሩ ከመሬቱ ሲበልጥ ትርፉ በመሬት ላይ ሳይሆን በስሌት ላይ ሊወለድ ይችል ነበር። በቀላድ ምክንያት ብዙ ገበሬ ጭሰኛ መሆኑ የታወቀ ነው። የዚያ ሁሉ ምክንያት ማዕዘን ነው አልልም፤ ዋናው ምክንያት የሥልጣን ጉዳይ ነበረ። ነገር ግን ሥልጣን በገመድ በሚሠራበት ጊዜ፥ የገመዱ ጕድለት ከባለ ሥልጣኑ ጋራ ይቆማል እንጂ ከገበሬው ጋራ አይቆምም። በጎጃም ሕዝቡ የመሬት ልኬትን አጥብቆ መጥላቱን፥ በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት የተነሣውንም ዐመፅ ስናስብ፥ ልኬቱን መፍራት የድንቍርና ፍራቻ ብቻ አለመሆኑን እንረዳለን። ገበሬው ሒሳቡን ባያውቅም ቍጥሩ ወደ ማን እንደሚያደላ ያውቅ ነበር።

፮፤ መደምደሚያ

የጋሻና የጭሰኛ ሥርዓት በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን በታወጀ ጊዜ አልፏል። የልኬት ጥያቄ ግን አላለፈም። እ.ኤ.አ. በ1998 በትግራይ ተጀምሮ ወደ ሌሎቹ ክልሎች በተስፋፋው የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር አሰጣጥ፥ በመጀመሪያው ዙር ብዙው ማሳ የተለካው በገመድና በሜትር ነበረ። ኋላ በሁለተኛው ደረጃ ሥራ ከአየር በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ ድንበሩን መለየት ተጀመረ። በፎቶግራፉ ላይ ማዕዘኑ ሳይጠየቅ ራሱ ይታያል። ስለዚህ የአንድ ገበሬ የመጀመሪያ ደብተርና ሁለተኛ ደብተር ሁለት የተለያዩ ቍጥሮች ቢያሳዩ፥ ከመካከላቸው አንዱ ሌባ ነው ብሎ ከመፍረድ በፊት የማሳውን ማዕዘን መመልከት ይገባል።

ከዚህ ጥናት ሁለት ነገር ይከተላል። የመጀመሪያው የትምህርት ነው። በትምህርት ቤቶቻችን መስመርና ማዕዘን የሚሰጡት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥዕል ሆነው ነው። ተማሪው ወደ አባቱ ማሳ ወጥቶ፥ ሰያፉን በገመድ ለክቶ፥ መሬቱን በሁለት ሦስት ማዕዘን ከፍሎ ስፋቱን እንዲያገኝ ቢደረግ፥ ዕውቀቱ በቤቱ ይሠራል። ይህን ለማድረግ ዲግሪ የሚቈጥር መሣሪያ እንኳ አያስፈልግም፤ ለአራቱ ጐኖች አንድ ሰያፍ ብቻ ቢጨመር የማሳው ቅርጽ ይወሰናል፥ ስፋቱም ሳይሳሳት ይሰላል። በዚያ ባልተለካ አንድ መስመር ምክንያት ስንት ክርክር ተነሥቶ ይሆን?

ሁለተኛው የዚህ ማኅበር ሥራ ነው። ቀላድ ሲጣል ያዩ ሰዎች ዛሬ እጅግ ሸምግለዋል። ገመዱ ከምን ይገመድ እንደ ነበረ፥ ጠማማ ማሳ በገጠመ ጊዜ ለኪዎችና ሽማግሌዎች እንዴት ይስማሙ እንደ ነበረ፥ ለዳገት የሚቀነስ ነገር ይኖር እንደ ሆነ፥ በየአውራጃው ለማሳ ቅርጽና ለድንበር የሚሰጡት ስሞች ምን ምን እንደ ሆኑ ከአፋቸው ሰምቶ መጻፍ ያስፈልጋል። ተማሪዎቻችን ለዕረፍት ወደየአገራቸው በሚሄዱበት ጊዜ ይህን ቢጠይቁ ለታሪክም ለቋንቋም ታላቅ ጥቅም ይገኛል።

አባቶቻችን ፍትሕን በመስመር ስም ጠርተው ርትዕ አሉት፤ መልካም አሉ። ነገር ግን አራት ቀጥ ያሉ መስመሮች በጠማማ ማዕዘን ሲገናኙ የሰው ድርሻ እንደሚጐድል አይተናል። መስመሩ ሁሉ ቀጥ ብሎ ሳለ ፍርዱ ሊጣመም ይችላልና፥ ርትዕን የሚሻ ሰው መስመሮቹ በሚገናኙበት ስፍራም መመልከት ይኖርበታል።